የምስክር ስም በቀይ ቀለም

ከላስ ቬጋስ በስተ ምዕራብ፣ በሰመርሊን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ተማሪ፣ የጥቅስ ሥርዓት ሲማር የባዕድ ልማድ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በ16ኛው ምእት ዓመት ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ሃይማኖተ አበው የተባለው መጽሐፍ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትን ቃል በየባለቤቱ ስም ከፍሎ ያቀርባል፤ ጸሐፊውም በቀይ ቀለም እየጻፈ፣ የአትናቴዎስን ወይም የቄርሎስን ስም ከቃሉ ለይቶ ያኖራል። የትርጓሜ መምህርም ምሥጢሩን ካስረዳ በኋላ «እንዲል ዳዊት» ብሎ ምስክሩን ይጠራል፤ ደቀ መዝሙሩ መዝሙሩን በቃሉ ስለሚያውቅ ቁጥር መጥቀስ አያሻውም። የዛሬው ተማሪ እንዲህ ያለ አንባቢ ስለሌለው፣ ከባለቤቱ ስም ጋር ዓመቱንና ገጹን የመጻፍ ዕዳ አለበት።