ለሩቅ የመስክ ጉዞ የፎርዊል ተሽከርካሪ አመራረጥና ዝግጅት

ኢትዮጵያ የመልክዐ ምድር ልዩነቷ እጅግ ሰፊ የሆነ አገር ናት። የዳሎል አካባቢ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በአንጻሩ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሳነቴን አምባ የሚያቋርጠው መንገድ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያልፋል። በደቡብ ኦሞ ቆላማ አካባቢዎች ደግሞ ጠዋት ደረቅ አሸዋ የነበረ የወንዝ መውረጃ ከሰዓት በኋላ በደራሽ ውኃ ሊሞላ ይችላል። ወደነዚህ መዳረሻዎች ለጉብኝት፣ ለጥናት ወይም ለሥራ የሚጓዙ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙት በአራቱም ጎማ የሚነዳውን፣ በተለምዶ ፎርዊል የሚባለውን ተሽከርካሪ ነው።

በእነዚህ መስመሮች ላይ የሚደርስ ብልሽት ጉዞን በማዘግየት ብቻ አያበቃም። ጥላ፣ ውኃና የስልክ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ የቆመ መኪና የተሳፋሪዎቹን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። ስለሆነም የተሽከርካሪው አመራረጥም ሆነ ዝግጅት በአንድ መመዘኛ ሊለካ ይገባል፦ አንድ ክፍል ቢበላሽ እንኳ ያሳፈራቸውን ሰዎች ሁሉ በሰላም መመለስ ይችላል ወይ? ከዚህ በታች የቀረበው መረጃ አስጎብኚዎች፣ አሽከርካሪዎችና በግል የሚጓዙ ሰዎች ይህን ጥያቄ ከመነሳታቸው በፊት እንዲመልሱ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

1. መንገዱን ማወቅ

ተሽከርካሪ ከመምረጥ በፊት የሚሄድበትን መንገድና ወቅት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በመላ አገሪቱ በርካታ መዳረሻዎች በአስፋልት ወይም በደህና ጠጠር መንገድ የተገናኙ በመሆናቸው በደረቅ ወቅት ፎርዊል የግድ ላይሆን ይችላል። ፎርዊል አስፈላጊ የሚሆነው አሸዋ፣ ጭቃ፣ ድንጋያማ ቁልቁለትና ድልድይ የሌለው ወንዝ ሲያጋጥም ነው።

እያንዳንዱ የመሬት ዓይነት የራሱ ፈተና አለው። በአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች ዋነኞቹ ችግሮች ሙቀት፣ አሸዋና ስለታም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው። በጨዋማ ሜዳዎች ላይ ከላይ ደረቅ የሚመስለው ገጽ ከሥሩ ረግረግ ሊሆን ስለሚችል ከተለመደው የመኪና ዱካ መውጣት አይገባም። ጥቁር መረሬ አፈር ባለባቸው አካባቢዎች ደግሞ ዝናብ ከጣለ በኋላ ጭቃው የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ስለሚያለሰልሰው የተሻለው መፍትሔ መሬቱ እስኪጠነክር መጠበቅ ነው።

2. የተሽከርካሪ አመራረጥ

ለሩቅ ጉዞ የሚመረጠው ተሽከርካሪ አካሉ በጠንካራ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ፣ ከመሬት ከፍ ያለና ጉልበት የሚሰጥ ዝቅተኛ ማርሽ ያለው ሊሆን ይገባል። ከከተማ አገልግሎት የተለዩ የሚመስሉ ነገር ግን ዝቅተኛ ማርሽ የሌላቸው መኪናዎች በጠጠር መንገድ ላይ በቂ ቢሆኑም ለቁልቁለትና ለጥልቅ አሸዋ አይመከሩም።

በአገራችን የጉብኝትና የመስክ ሥራ ላይ ቶዮታ ላንድክሩዘር በስፋት አገልግሎት ላይ ውሏል። ለዚህ ዋነኛው ምክንያት መለዋወጫውና የሚጠግነው ባለሙያ ከአዲስ አበባ ውጭም መገኘቱ ነው። በተለይ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ያለውና ያለ ተርቦ የሚሠራው የናፍታ ሞተር በመካኒካል ፓምፕ ስለሚሠራ በቀላል መሣሪያ ሊጠገን ይችላል። አዳዲሶቹ በኮምፒዩተር የሚቆጣጠሩ ሞተሮች የተሻለ ጉልበትና የነዳጅ ቁጠባ ቢኖራቸውም ውኃ ወይም ቆሻሻ የተቀላቀለበት ናፍታ በቀላሉ ያበላሻቸዋል፤ ብልሽታቸውን ለመለየትም የመመርመሪያ መሣሪያ ይፈልጋሉ። ሁለቱም ዓይነቶች ሊመረጡ ይችላሉ። መመዘኛው ግን ብልሽት ቢደርስ በመንገዱ ላይ ማን፣ በምን ሊጠግነው ይችላል የሚለው ነው።

ከፍታም ከግምት መግባት አለበት። በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ጉልበቱ ስለሚቀንስ ዳገትን በሙሉ ጭነት ለመውጣት ይቸገራል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ አብዛኛው ምርጫ በአገር ውስጥ ባለና ባገለገለ ተሽከርካሪ ወይም በኪራይ ላይ የተመሠረተ ሆኗል። ያገለገለ መኪና የሚገዛም ሆነ የሚከራይ ሰው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ፎርዊሉና ዝቅተኛው ማርሽ በእርግጥ መግባታቸውን በለስላሳ መሬት ላይ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ለረጅም ጊዜ ሳይነካ የቆየ ፎርዊል በተፈለገበት ሰዓት አልገባ ሊል ይችላል። የፊት ጎማዎቹ ማዕከል በእጅ የሚቆለፍ ከሆነ አሽከርካሪው አሠራሩን ማወቁ መረጋገጥ አለበት። እንዲሁም ሻንሲው አለመሰንጠቁና አለመበየዱ፣ ባሌስትራው አለመሰበሩ፣ ከሞተርና ከዲፍረንሻል ዘይት አለመንጠባጠቡ ሊታይ ይገባል።

3. የክብደት ጉዳይ

በዝግጅት ወቅት በብዛት የሚፈጸመው ስሕተት መኪናውን ከአቅሙ በላይ መጫን ነው። ለምሳሌ አሽከርካሪውን ጨምሮ አምስት ሰዎች ለሁለት ቀናት ወደ በረሃ ቢጓዙ፣ የሰዎቹ ክብደት በአማካይ 75 ኪሎ ግራም ተይዞ 375፣ የግል ሻንጣ 75፣ ውኃ 90፣ ተጨማሪ 40 ሊትር ናፍታ 34፣ ሁለተኛ ተቀያሪ ጎማ 35፣ የማውጫና የጥገና መሣሪያ 50፣ ድንኳንና ምግብ 80 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። ድምሩ 739 ኪሎ ግራም ሲሆን ይህ ብቻውን የብዙ የመስክ መኪናዎችን የመጫን አቅም ይሞላል ወይም ያልፋል። በዚህ ላይ ከባድ የብረት መከላከያ፣ የመጎተቻ ሞተርና በጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን ሲጨመር ባሌስትራው ይሰበራል፣ ጎማው ይፈነዳል፣ ፍሬኑ ይግላል።

ስለዚህ ጠቅላላው ክብደት በአምራቹ መመሪያ ከተመለከተው መጠን እንዳያልፍ በሚዛን መረጋገጥ አለበት። ካለፈ መቀነስ የሚኖርበት ምቾት የሚሰጠው ዕቃ ነው። ውኃ፣ ተቀያሪ ጎማና የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ ሣጥን አይቀነሱም። ዕቃው የማይቀንስ ከሆነ ተሳፋሪዎችን ለሁለት መኪና መክፈል ተገቢ ነው። በጣሪያ ላይ የሚጫነው ቀላል ዕቃ ብቻ ሊሆን ይገባል፤ ውኃና ነዳጅ በጣሪያ ላይ ሲጫኑ መኪናው በጎን ዳገት ላይ የመገልበጥ ዕድሉን ያሰፋሉ።

4. ጎማ

ከሁሉም ዝግጅት ቀዳሚውን ትኩረት የሚሻው ጎማ ነው። ለጠጠርና ለድንጋያማ መንገድ ጎኑ ጠንካራ የሆነና ለከባድ ጭነት የተሠራ ጎማ ይመረጣል። የጎማው ጥርስ ጥሩ ቢመስልም ዕድሜው ሊያልፍ ስለሚችል በጎኑ ላይ የተጻፈውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ማየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ 2322 የሚለው ጎማው በጎርጎርዮሳዊው 2022 በ23ኛው ሳምንት መሠራቱን ያመለክታል። በሙቀት ውስጥ የቆየ አሮጌ ጎማ በድንገት የመፈንዳት ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ጎሚስታ በማይገኝበት መስመር ሁለት ተቀያሪ ጎማዎች፣ ካላማዳሪ፣ መጠገኛ ዕቃ፣ የነፋስ መለኪያና በመኪናው ባትሪ የሚሠራ የነፋስ መሙያ መያዝ ይገባል። ክሪክ በአሸዋ ውስጥ ስለሚሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ ያስፈልገዋል።

በአሸዋ ላይ የጎማውን ነፋስ ወደ 18 ፒኤስአይ ገደማ ዝቅ ማድረግ የጎማውን የመሬት ንክኪ ስለሚያሰፋ መኪናው እንዳይሰምጥ ይረዳል። ሆኖም ጠንካራ መሬት ላይ እንደተወጣ ነፋሱን መልሶ መሙላት ግዴታ ነው። ነፋሱ በቀነሰ ጎማ በፍጥነት መንዳት ጎማውን አግሎ ለአደጋ ይዳርጋል።

5. ማቀዝቀዣና ፍሬን

ወደ ቆላ ከመውረድ በፊት ራዲያተሩ ከውስጥም ከውጭም ሊጸዳ፣ ማኒኮቶዎቹና ቺንጋዎቹ ሊፈተሹ፣ አንድ አንድ ተለዋጭም ሊያዝ ይገባል። ሞተሩ ሲግል መኪናውን በጥላ ወይም በነፋስ አቅጣጫ አቁሞ መጠበቅ እንጂ የራዲያተሩን ክዳን ወዲያውኑ መክፈት ከባድ ቃጠሎ ያስከትላል።

ከመቀሌ ተነስቶ በበርሃሌ በኩል ወደ ዳሎል የሚሄድ ተሽከርካሪ በአንድ ቀን ውስጥ ከ2,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በእንዲህ ዓይነት መንገድ በፍሬን ብቻ የሚወርድ አሽከርካሪ ፍሬኑ ግሎ ሊያጣው ይችላል። ተገቢው አካሄድ ከቁልቁለቱ በፊት ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ መያዝ ነው። የፍሬን ዘይት ከጊዜ ብዛት እርጥበት ስለሚስብና በሙቀት አቅሙን ስለሚያጣ ዕድሜው ያለፈበት ዘይት ከጉዞው በፊት መለወጥ አለበት።

6. ነዳጅና ውኃ

በአስፋልት ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚጠቀም መኪና በአሸዋና በዝቅተኛ ማርሽ 18 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊጠቀም ይችላል። በዚህ ስሌት 90 ሊትር የሚይዝ ታንከር በአስፋልት 750 ኪሎ ሜትር ሲያስኬድ በአስቸጋሪ መንገድ ግን 500 ኪሎ ሜትር ብቻ ያስኬዳል። ዕቅዱ በአነስተኛው ቁጥር ላይ ተመሥርቶ አንድ ሦስተኛ መጠባበቂያ ሊኖረው ይገባል። ነዳጅ በጀሪካን መቅዳት ቁጥጥር የሚደረግበት በመሆኑ አስፈላጊውን ፈቃድ ከሚመለከተው የአካባቢ አስተዳደር አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ስለሚፈጸምም ኔትወርክ ካለበት የመጨረሻ ከተማ ሳይቀዱ ማለፍ አይመከርም።

በሞቃት አካባቢ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 6 ሊትር የመጠጥ ውኃ፣ ከታቀደው ቀን በተጨማሪ የአንድ ቀን ትርፍ ጋር ሊያዝ ይገባል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የሁለት ቀን ጉዞ የሚያቅዱ አምስት ሰዎች 90 ሊትር የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው። ውኃው በአንድ ዕቃ ብቻ ከተቀመጠ ዕቃው ሲቀደድ ሁሉም ስለሚፈስ በተለያዩ ጀሪካኖች መከፋፈል አለበት። የራዲያተር ውኃ ለብቻው ይያዛል።

7. የሰጠመ መኪና ማውጣት

አካፋ፣ ከጎማ ሥር የሚነጠፉ ሁለት ሰሌዳዎች፣ ጠንካራ የመጎተቻ ገመድና ተስማሚ ማያያዣ ብረቶች ለአብዛኛው ችግር በቂ ናቸው። የሰጠመን መኪና ነዳጅ እየሰጡ ማሽከርከር ይበልጥ ያሰምጠዋል። ተሳፋሪዎችን ማውረድ፣ ነፋስ መቀነስና ከጎማዎቹ ፊት ያለውን አሸዋ መጥረግ ቀዳሚ እርምጃዎች ናቸው። ገመድ የሚታሰረው በሻንሲው ላይ በተዘጋጀ መንጠቆ ብቻ ነው። የተሳቢ መጎተቻ ክብ ብረት በኃይለኛ ጉተታ ጊዜ ተነቅሎ እንደ ጥይት ሊወረወር ስለሚችል ፈጽሞ ለዚህ ሊውል አይገባም። በጉተታ ወቅት ሰዎች ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ርቀው መቆም አለባቸው።

8. ከመነሳት በፊትና በጉዞ ላይ

ወደ በረሃ በአንድ መኪና ብቻ መጓዝ አይመከርም። ሁለተኛው መኪና ከማንኛውም ውድ መሣሪያ የበለጠ ዋስትና ነው። የአካባቢው መንገድ መሪ ደግሞ የትኛው ዱካ እንደሚያልፍና የትኛው እንደሚያሰምጥ የሚያውቅ ባለሙያ በመሆኑ ምክሩ ሊከበር ይገባል። የመንገዱን ወቅታዊ የጸጥታ ሁኔታ ከአካባቢው አስተዳደር ማጣራት፣ የዓመታዊ ምርመራና የሦስተኛ ወገን መድን ሰነዶችን መያዝ፣ የሳተላይት ስልክ ካስፈለገም አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። የጉዞው መስመርና የመመለሻ ሰዓት በከተማ ለሚቀር ኃላፊነት ለሚሰማው ሰው በጽሑፍ ሊሰጥ ይገባል። የአደጋ ጊዜ የስልክ ቁጥሮች የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እና ፖሊስ 991 ሲሆኑ፣ የሚያገለግሉት ኔትወርክ ባለበት ቦታ ብቻ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በደረቅ የወንዝ መውረጃ ውስጥ ድንኳን መትከል ክልክል እንደሆነ መቁጠር ይገባል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቦታ ላይ እንኳ በደጋው የጣለ ዝናብ ሌሊት በደራሽ ውኃ መልክ ሊመጣ ይችላል። የሚፈስ ወንዝ ከመሻገር በፊት ጥልቀቱንና ኃይሉን ማጤን፣ ጉልበት የሚያልፍና በፍጥነት የሚፈስ ከሆነ እስኪጎድል መጠበቅ ያስፈልጋል። መኪናው በበረሃ ቢቆም ተሳፋሪዎች በእግር ተበታትነው መሄድ የለባቸውም። መኪናው ከርቀት ይታያል፣ ጥላም ይሰጣል፤ ፈላጊዎችም መጀመሪያ የሚያገኙት እርሱን ነው። ከጨዋማ ሜዳ መልስ የመኪናው ሥር በንጹሕ ውኃ ካልታጠበ ሻንሲውና የፍሬን ቱቦዎቹ በዝገት ይጎዳሉ።

በመጨረሻም፣ ከመነሳት በፊት ሊወሰን የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የመመለሻ ነጥብ ነው። ነዳጁ ከታሰበው በላይ ካለቀ፣ ሁለተኛው ተቀያሪ ጎማ ሥራ ላይ ከዋለ ወይም ከተሳፋሪዎች አንዱ ከታመመ ጉዞው በዚያው እንደሚቆምና ወደ ኋላ እንደሚመለስ አሽከርካሪውም ተጓዦቹም አስቀድመው ሊስማሙ ይገባል። ይህ ስምምነት ካለ አሽከርካሪው በበረሃ መካከል ብቻውን ከመወሰንና ከተሳፋሪዎች ግፊት ይድናል። መዳረሻው በሌላ ጊዜ ሊጎበኝ ስለሚችል የሰዎች ደኅንነት ምንጊዜም ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።