በሰም የተጻፈ ድምፅና በቃል የቀረ ዜማ

የአገራችንን የዘፈን ታሪክ ለመመርመር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊገነዘበው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይኸውም የዘፋኝ ስም ከሞተ በኋላ የሚኖረው በችሎታው ብቻ ሳይሆን፣ ድምፁን ተቀብሎ የሚያቈይ መሣሪያ በማግኘቱም ጭምር መሆኑ ነው። ለዚህ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጥሩ ምስክር ናቸው።

ነጋድራስ ተሰማ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሰውና የታወቁ ባለቅኔ ነበሩ። በ1908 እ. ኤ. አ. የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ፤ በዚያም ሳሉ ዘፈናቸውን በመሰንቆ እየታጀቡ በ17 ሸክላዎች አስቀረጹ። ይህም በሸክላ ታትሞ ለገበያ የወጣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘፈን ሆነ። በዚያ ዘመን ለዘፈን መቅጃ የሚሆን ማይክሮፎን ገና አልተገኘም ነበር። ዘፋኙ በትልቅ ቀንደ መለከት መሳይ አፍ ፊት ቆሞ ሲያዜም፣ የድምፁ ኀይል መርፌውን እያንቀጠቀጠ በሰም ላይ ይጽፍ ነበር። እንግዲህ የነጋድራስ ሰምና ወርቅ በእውነተኛ ሰም ላይ ሰፈረ ማለት ነው።

ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ. ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የነጋድራስም ሹመት አብሮ ወረደ። እሳቸውም በ1964 እ. ኤ. አ. ዐረፉ። ይሁን እንጂ ሹመት ቢያልፍ ድምፅ አላለፈም፤ እነዚያው ዘፈኖች ከመቶ ዓመት በኋላ በፈረንሣይ አገር በሚወጣው የኢትዮፒክስ ተከታታይ እትም 27ኛ ቁጥር ሆነው እንደ ገና ታተሙ።

አሁን ደግሞ ዐይናችንን ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ አርብ ገበያ እንመልስ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው። በገበያና በሰርግ መሰንቆውን ይዞ የሚዞረው የጎንደር አገር አዝማሪ የሚዘፍነው እንደ ሸክላው ለሦስት ወይም ለአራት ደቂቃ አይደለም፤ አድማጩ እስከ ፈቀደ ድረስ ነው። ግጥሙም ተጽፎ የተቀመጠ አይደለም፤ አድማጩ ስንኝ ያቀብለዋል፣ እሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ገበያው ሲፈታ ግን ግጥሙም አብሮ ይበተናል። በዚህ ላይ አዝማሪን የመናቅ ልማድ ስለ ነበረ፣ ግጥሙን የያዘ ሰው እንኳ የገጣሚውን ስም ሳይዝ ቀርቷል።

ስለዚህ ከጀርመን የመጣው ሸክላ የሚነግረን የዘመኑን ዘፈን ሁሉ ሳይሆን ዕድል ያገኘውን አንዱን ድምፅ ነው። ዛሬ መቅረጫ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ በእጅ ስልክ ይቻላል። የቸገረው መሣሪያ ሳይሆን አሳቢ ነው። በየወረዳው ያሉ መምህራንና የባህል ሠራተኞች የአዝማሪውን ዜማ ከነስሙ፣ ከነመንደሩና ከነቀኑ ቢመዘግቡ፣ የሚቀጥለው ትውልድ የዘፈን ታሪኩን በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ከማወቅ ይድናል ብለን እናምናለን።