ሰባት ድልድይ እና አንድ ጦርነት

እኛ መንገድ ሲባል አስፋልት ነው የሚታየን፤ ለሒሳብ ሊቁ ኦይለር ግን የታየው ቁጥር ነው። በፕረሽያዋ ኮኒግስበርግ ከተማ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ሰባቱን ድልድዮች እያንዳንዳቸውን አንዴ ብቻ ተሻግሮ መጨረስ ይቻላል? ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1735 ለሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ አይቻልም አለ።

ወንዙ ከተማዋን አራት ቦታ ይከፍላታል። በአንዱ ድልድይ ከገባን በሌላው መውጣት አለብን፤ ስለዚህ ከመነሻና ከመድረሻ በቀር የየቦታው ድልድዮች ጥንድ ጥንድ መሆን አለባቸው። በአራቱም ግን ጎዶሎ ነበሩ፦ 5፣ 3፣ 3፣ 3። መንገድን በነጥብና በመስመር የሚያጠናው የሒሳብ ዘርፍ ከዚህች ጥያቄ ተወለደ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ሁለቱን ድልድዮች አወደመ። ከተማዋ ካሊኒንግራድ ተባለች፤ ጀርመኖቹም ተባረሩ። ዛሬ በአምስቱ ማቋረጫዎች ጉዞው ይቻላል፤ ከአንዱ ደሴት ተነስተን ሌላው ላይ እንጨርሳለን። መንገዱ የተገኘው ጠያቂዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው።