የተፋቀ ጽሕፈትና የጠፋ ስም፤ ከብራና እስከ ሐርድ ዲስክ

በምዕራብ ጐጃም፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር የአፍ ታሪክ የሚሰበስብ ተማሪ ዛሬ ደብተርና እርሳስ ብቻ ይዞ አይወጣም። የሽማግሌዎችን ቃል በስልኩ ይቀርጻል፤ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ የተጻፈውን የርስትና የጉልት ማስታወሻ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ የሰበሰበውንም ሁሉ በአንድ ውጫዊ ሐርድ ዲስክ ያከማቻል። ይህ ሐርድ ዲስክ በስሕተት ፎርማት ቢደረግ ምን ይቀራል? ጥያቄው የኮምፒዩተር ጠጋኞች ብቻ ይመስል ይሆናል። በዚህ አጭር ጥናት ለማሳየት የምንሞክረው ግን የታሪክ ተማሪም ጥያቄ መሆኑን፥ ለብራና አንባቢዎችም ቢሆን አዲስ አለመሆኑን ነው።

በመጀመሪያ ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ሆነ እንመልከት። በ1960 ዓ.ም. የጐጃም ባላገር አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም ተነሣ። ዳሞት፥ ሞጣና ቢቸና ዐመፁ ከበረታባቸው አውራጃዎች ነበሩ። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ከሥልጣናቸው ተነሡ፥ የቆየው የግብር ዕዳም ተሰረዘ። የመንግሥት ወገን ነገሩን በደብዳቤና በሪፖርት ጽፎታል፤ የባላገሩ ወገን ግን ይበልጡን በአፍ ነው ያለው። በዚያ ዓመት የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ወደ 80 ተጠግቷል። ስለዚህ ቃሉን የያዘው ቀረጻ ቢጠፋ ተመልሶ ሄዶ መጠየቅ ላይቻል ይችላል። ከዚህም በላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለ ነበር፥ ፋይልን ወደ ሩቅ ማከማቻ ልኮ ማስቀመጥ ለብዙ ሰው አልተቻለም፤ በእጅ ያለው ሐርድ ዲስክ ብቸኛው ቅጂ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሐርድ ዲስክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 አይ.ቢ.ኤም. የሠራው ነው፤ በ50 ሳሕኖች ላይ 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ይይዝ ነበር። መጠኑ እጅግ ቢለወጥም የአሠራሩ መሠረት አልተለወጠም። ፋይሉ በአንድ ስፍራ ይጻፋል፤ ስሙና የሚገኝበት ስፍራ ደግሞ በሌላ ቦታ፥ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ባለ ሰንጠረዥ ይመዘገባል። ፈጣን የሚባለው ፎርማት የሚለውጠው ይህን ማውጫ ነው። ገጾቹ በቦታቸው አሉ፤ ባለቤቱ ግን መንገዱን አጥቷል። በላያቸው ሌላ ነገር እስኪጻፍ ድረስም ይቆያሉ። ሙሉ የተባለው ፎርማት ግን የተለየ ነው፤ ከ2007 ወዲህ በወጡት ዊንዶውሶች ዲስኩን ዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል፥ ያን ጊዜ የሚፈለግ ነገር አይገኝም። ኤስ.ኤስ.ዲ. በተባለው ዐይነትም ባዶ የተባለውን ስፍራ መሣሪያው ራሱ ሊያጸዳው ስለሚችል ተስፋው ያንሳል። እንግዲህ ስሕተቱ እንደ ታወቀ ዲስኩን መንቀል፥ ምንም ነገር አለመጫን፥ ሙሉ ግልባጩን በሌላ ዲስክ ላይ ማንሣት፥ ፍለጋውንም በግልባጩ ላይ ማድረግ ይገባል።

በብራናም እንዲሁ ሆኗል። በ10ኛው መቶ ዓመት በቍስጥንጥንያ የተገለበጠ የአርኪሜዴስ መጽሐፍ ተፍቆ በ1229 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የጸሎት መጽሐፍ ተጽፎበት ነበር። ዴንማርካዊው ሃይበርግ በ1906 ከጸሎቱ ሥር የቀረውን አነበበ፤ ከ1999 እስከ 2008 ደግሞ በአሜሪካ በልዩ ልዩ ብርሃንና በኤክስ ሬይ ተመርምሮ የበለጠ ተገኘ። ኤክስ ሬዩ ያገኘው በቀለሙ ውስጥ ያለውን ብረት ነው። የእኛ ቁም ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም ግን በአብዛኛው ከጥላሸት የሚዘጋጅ ስለ ሆነ፥ እንደ ብረት ቀለም ወደ ቆዳው ጠልቆ አይገባም፤ በደንብ ከተፋቀ የሚተወው ምልክት ጥቂት ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት የደረሱበት ዘዴ ለእኛ ሳይለወጥ ይሠራል ብሎ መጠበቅ ስለዚህ አይገባም።

ይሁን እንጂ በእኛ ብራና ብዙ ጊዜ የሚፋቀው መጽሐፉ ሳይሆን ስሙ ነው። መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን ያስገባል። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ ከባድ ጉዳት ነው፤ መጽሐፉ በማን ዘመን፥ በማን ገንዘብ ተጻፈ የሚለው ከስሙ ጋር ይሄዳልና። ነገር ግን ጸሐፊው የባለቤቱን ስም በአንድ ቦታ ብቻ አይጽፍም፤ በየጸሎቱ መካከል እየደጋገመ ያስገባዋል። ፋቂው ሁሉን መከተል ይሰለቸዋል፥ አንዱን ይዘልላል። በዚያች በተረሳች አንዲት ስም የመጀመሪያው ባለቤት የታወቀባቸው መጻሕፍት አሉ።

ወደ ሐርድ ዲስኩ ስንመለስ ያው ነገር ይገጥመናል። ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ግርኒዬ የሠራው ፎቶሬክ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ማውጫውን ትቶ የፋይሉን አካል ይፈልጋል፤ የየፋይሉ ዐይነት የሚጀምርበት የታወቀ ምልክት ስላለው በዚያ ይለየዋል። ፋይሉ ይመለሳል፥ ስሙ ግን አይመለስም፤ በስሙ ፈንታ ቍጥር ይሰጠዋል። ፎልደሮቹም ይፈርሳሉ። እንግዲህ የአምስት ቀበሌ ሽማግሌዎች ቃል ያለ ስምና ያለ ስፍራ ተደባልቆ ይመጣል። ድምፁ ይሰማል፤ የማን ምስክርነት እንደ ሆነ ካልታወቀ ግን በጥናት ሊጠቀስ አይችልም። በእኔ አስተያየት ተማሪዎች ስለ ፋይል መመለስ ሲነጋገሩ ይህን ነጥብ አይመዝኑትም፤ «ፋይሉ ተገኘ» ሲባል ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላቸዋል።

ፎቶግራፍ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ካሜራው የተነሣበትን ቀንና ሰዓት በፋይሉ ውስጥ ራሱ ይጽፋል፥ አንዳንዴም ስፍራውን ጭምር። ድምፅ ሲሆን ግን ይህን ሥራ መሥራት ያለበት ጠያቂው ነው፤ ይኸውም በቀረጻው መጀመሪያ የሽማግሌውን ስም፥ ቀበሌውንና ቀኑን ጮክ ብሎ መናገር፥ በመካከልም እንደ ቁም ጸሐፊው ደግሞ ማንሣት ነው። ቀረጻው «እሺ አባቴ፥ ይቀጥሉ» ብሎ ከጀመረ፥ ፋይሉ አንድ ቃል ሳይጐድልበት ቢመለስ እንኳ አባቴ የተባሉት ሰው ማን እንደ ሆኑ፥ የቡሬ ይሁኑ የጃቢ ጠህናን ሰው አይለይም።