ፒ53 እና የሚያነባቸው ፊደላት
(ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ፒ53 የተባለው ፕሮቲን በ1979 ሲገኝ የተመደበው በካንሰር አምጪዎች ተርታ ነበር። ዴቪድ ሌንና አርኖልድ ሌቪንን ጨምሮ በርከት ያሉ ተመራማሪዎች፣ ኤስቪ40 የተባለው ቫይረስ ወደ ዕጢነት በለወጣቸው ሕዋሳት ውስጥ ከቫይረሱ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስላገኙት ለዐሥር ዓመት ያህል በጥፋተኛነት ታየ። በ1989 ግን ፍርዱ ተገለበጠ። በቤተ ሙከራ ሲጠና የቆየው የተበላሸው ቅጂ ነበር፤ ጤነኛው ዕጢን የሚገታ ሆኖ ተገኘ።

በምን መንገድ ይገታል? በ1991 ፒ53 የተወሰኑ የዲኤንኤ ክፍሎችን መርጦ እንደሚይዝ ታወቀ፤ በ1992 ደግሞ የፊደላቱ ቅደም ተከተል ተለየ። ዐሥር ዐሥር ፊደል ያላቸው ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች ሲሆኑ በመካከላቸው ከ0 እስከ 13 ፊደል ሊገባ ይችላል። አራት የፒ53 ቅጂዎች ተባብረው ይይዟቸውና በአቅራቢያ ያለውን ዘረመል ያነቃቃሉ፤ ሕዋሱም መከፋፈሉን ያቆማል፣ ወይም ራሱን ያጠፋል።

በ1994 ኒኮላ ፓቭሌቲችና ባልደረቦቹ ፕሮቲኑ ዲኤንኤን እንደያዘ በክሪስታል ጥናት አሳዩ። ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። በካንሰር ሕሙማን ዘንድ ደጋግመው የሚበላሹት አሚኖ አሲዶች፣ እንደ 248ኛውና 273ኛው ዲኤንኤውን በቀጥታ የሚነኩት፣ አለዚያም እንደ 175ኛውና 249ኛው የፕሮቲኑን ቅርጽ ደግፈው የያዙት ናቸው።

249ኛው ለእኛ ሐኪሞች ሌላ ትርጉም አለው። በ1991 በቻይናና በደቡባዊ አፍሪካ ከጉበት ካንሰር ሕሙማን በተወሰዱ ዕጢዎች ላይ በዚሁ ቦታ አንድ ፊደል፣ ጂ ወደ ቲ ተለውጦ፣ አርጂኒኑ ሴሪን ሆኖ ተገኘ። ጥርጣሬው ያረፈው በሻገተ በቆሎና ኦቾሎኒ ውስጥ በሚገኘው አፍላቶክሲን ላይ ነበር። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ሲታከልበት አደጋው እጅግ ይበረታል።

መርዙ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በ1996 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ከተሰበሰቡ የሽሮና የበርበሬ ናሙናዎች ውስጥ አግኝቶታል። በወገዳ አገር ከጋይንት ደጋ ወደ ስማዳና እስቴ ቆላ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ሙቀቱ ይጨምራል፤ በሚገባ ሳይደርቅ ጎታ የገባ ማሽላና በቆሎም ይሻግታል። በችግር ዘመን ደግሞ የሻገተ እህል መጣል ቀላል አይደለም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል፤ ለአፍላቶክሲን ግን ክትባት የለውም፤ እህሉን መፍጨትም ሆነ መጋገር መርዙን ፈጽሞ አያጠፋውም። እንግዲህ ከዚያ አካባቢ የጉበት ዕጢ ይዞ የሚመጣን ሕመምተኛ ስለ መጠጥና ስለ ቫይረስ ከጠየቅን በኋላ «እህላችሁን ሳይደርቅ ታስገባላችሁ? የሻገተውንስ ምን ታደርጉታላችሁ?» ማለት ከታሪክ መቀበያው ሊቀር አይገባም።