ከነስር እስከ ሳንባ

በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ዓ.ም. በፓሪስ አንሪ ራንዱ፣ በ1901 በባልቲሞር ዊልያም ኦስለር፣ በ1907 በለንደን ፍሬደሪክ ፓርክስ ዌበር፣ ነስር የሚመላለስባቸውንና በከንፈራቸውና በምላሳቸው ላይ የመርፌ ራስ የሚያህል ቀይ ነጠብጣብ የሚታይባቸውን ሰዎች መርምረው ስለ ጻፉ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደው ይህ ደዌ እስከ ዛሬ በሦስቱ ሊቃውንት ስም ይጠራል። ዳሩ ግን የቀደሙት ሐኪሞች አስቀድመው ያስተዋሉት በአፍንጫና በገጽ ላይ የሚታየውን ነበር እንጂ በሳንባ ውስጥ የተሰወረውን አልነበረም።

በጤነኛ ሳንባ ውስጥ ደም በሚያስገቡና በሚያስወጡ የደም ሥሮች መካከል እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮች ተዘርግተው ደሙን እንደ ወንፊት ያጠራሉ፤ በዚህ ደዌ ግን ብዙ ጊዜ በሳንባው አንዳንድ ስፍራ ወንፊቱ ጠፍቶ ሁለቱ ሥሮች ስሱ ግድግዳ ባለው ከረጢት በቀጥታ ስለሚገናኙ፣ የረጋ ደም እንኳ ሳይጠለል ወደ አንጎል ሊያልፍ ይችላል። ይህን ጉድለት በ1897 በእንግሊዝ አገር ቸርተን የተባለ ሐኪም ያገኘው ከሞተ ልጅ ሬሳ ውስጥ ነበር፤ በሕይወት ባለ ሰው ላይ የታወቀው ግን በ1939 ነው። በ1942 የቶሮንቶ ሐኪሞች የታመመውን ሳንባ ሙሉ በሙሉ ቆርጠው በማውጣት አንድ ሕመምተኛ ማዳናቸውን አስታወቁ።

ይህ ደዌ ያለባት ነፍሰ ጡር እናት ነገር ግን ከሁሉ ዘግይቶ ታሰበ፤ እኔንም የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው። በፅንስ ጊዜ የእናት ደም በግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ ሆርሞንም የሥሮችን ግድግዳ ስለሚያላላ፣ ያ ስስ ከረጢት በተለይ ከአራተኛው ወር ወዲህ እየተለጠጠ ሊፈነዳ ይችላል። ትንፋሽ ማጠር በእርግዝና የተለመደ ስለ ሆነም፣ ምልክቱ «የእርግዝናው ነው» እየተባለ ይታለፍ ነበር፤ ደም የተቀላቀለበት አክታ ግን ከቶ ሊታለፍ አይገባውም።

በ1977 በርሊን ላይ ፖርስትማን የተባለ ሐኪም በደም ሥር ቀጭን ቱቦ አሳልፎ የተጠቀለለ ሽቦ በማስቀመጥ የሳንባውን ከረጢት ያለ ቢላዋ ደፈነ። በ2001 በታተመ አንድ ጽሑፍ ደግሞ በ16ኛውና በ36ኛው ሳምንት መካከል የነበሩ 7 ነፍሰ ጡሮች በዚሁ መንገድ መታከማቸው ተገለጸ። በ2008 እንግሊዛውያን ሐኪሞች በዚህ ደዌ የተያዙ ሴቶችን 484 እርግዝናዎች መርምረው ከመቶ አንድ ያህሉ በእናት ሞት እንዳበቃ፣ ደዌያቸው አስቀድሞ የታወቀላቸውም ሴቶች ብርቱው አደጋ በደረሰባቸው ጊዜ ይበልጥ እንደ ተረፉ ገለጹ።

ወንፊት በሌለው ሳንባ የአየር አረፋ እንኳ ወደ አንጎል ስለሚያልፍ፣ እንዲህ ያለችውን እናት የምታስታምም ነርስ ጉሉኮሱን ከመቀጠሏ በፊት ቱቦውን ወደ ብርሃን አንሥታ፣ በጣቷ ጥፍር ቀስ እያለች እየመታች፣ የመጨረሻዪቱ አረፋ እስክትወጣ ድረስ ትጠብቃለች።