ሚዛን፣ ብልቃጥና መዝገብ፦ የኩላሊት ሕሙማን ሕፃናት የነርስ እንክብካቤ ታሪክ

ጠዋት ዓይኑ ዙሪያ አብጦ የሚነቃ ሕፃን ብዙ ጊዜ የዓይን ሕመም እንደያዘው ይታሰባል። እብጠቱ ወደ ሆድና ወደ እግር ሲወርድ ግን ጥርጣሬው ወደ ኩላሊት ይዞራል። የሕክምና ሙያም ይህን ግንኙነት በግልጽ ለማስረዳት ረጅም ዘመን ፈጅቶበታል። የሰውነት እብጠት፣ በሽንት ውስጥ የሚገኝ አልቡሚንና የኩላሊት ጉዳት የአንድ ሕመም ሦስት ገጽታዎች መሆናቸውን ሪቻርድ ብራይት ያሳየው በለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1827 ነው። መሣሪያው ማንኪያና ሻማ ብቻ ነበር፤ አልቡሚን ያለበት ሽንት ሲሞቅ እንደ እንቁላል ውኃ ነጥቶ ይረጋል።

በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1852 ቻርልስ ዌስት በግሬት ኦርመንድ ጎዳና 10 አልጋ ያለው የሕፃናት ሆስፒታል ከፈተ። ከሁለት ዓመት በኋላም የታመሙ ሕፃናትን ስለ ማስታመም ለነርሶች መጽሐፍ አዘጋጀ። ሕመሙን በቃል ማስረዳት ለማይችል ሕፃን የነርሷ ዓይንና መዝገብ አንደበቱ ናቸውና፣ ማስታመም ራሱን የቻለ ትምህርት እንደሚያስፈልገው ታወቀ።

ይሁን እንጂ ለኩላሊት ሕሙማን ሕፃናት ከዚያ በኋላም ለብዙ አሥርተ ዓመታት ፈዋሽ መድኃኒት አልተገኘም። ዛሬ ኔፍሮቲክ ሲንድረም በሚባለው ሕመም የተያዘ ሕፃን ለወራት ይተኛል፤ ጨው ይቀነስበታል፤ በየዕለቱ ይመዘናል፤ የጠጣውና የሸናው ይለካል። ብዙዎቹን የሚገድላቸው እብጠቱ ሳይሆን ኢንፌክሽን፣ በተለይም በኒሞኮከስ የሚመጣ የሆድ ዕቃ ሽፋን ብግነት ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሰልፎናማይድ፣ በ1940ዎቹም ፔኒሲሊን ሲገኙ ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ።

እ.ኤ.አ. ከ1950 ገደማ ጀምሮ ኮርቲዞንና ተዛማጅ ሆርሞኖች ለሕክምና ሲውሉ የብዙ ሕፃናት እብጠት በሳምንታት ውስጥ ይጠፋ ጀመር። ነገር ግን መድኃኒቱ የነርሷን ሥራ አላቀለለም። ይልቁንም ትኩሳትንና የሆድ ሕመምን ስለሚሸፍን፣ ቀድሞ በግልጽ ይታይ የነበረው ኢንፌክሽን በዝምታ የሚገባ ሆነ። የሕፃኑ መፍዘዝ፣ ምግብ መጥላትና የልብ ምቱ መፍጠን ከቴርሞሜትሩ ቀድመው የሚናገሩበት ጊዜ መጣ።

በዚህ ዘመን ሌላ ጥያቄም ይነሣ ነበር። በብዙ ሆስፒታሎች ወላጆች ልጃቸውን የሚጠይቁት በተወሰነ ቀንና ሰዓት ብቻ ነበር። ጄምስ ስፔንስ በኒውካስል እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር ያስተኛ ቢሆንም፣ አሠራሩ በሌሎች ዘንድ ቶሎ አልተስፋፋም። በእንግሊዝ አገር የፕላት ኮሚቴ ወላጆች ያለ ገደብ እንዲገቡ ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ይህ ለኩላሊት ሕሙማን ከርኅራኄ ያለፈ ትርጉም ነበረው። ሕመሙ ደጋግሞ የሚያገረሽ ሲሆን፣ ማገርሸቱን በቤት ውስጥ ቀድማ ማየት የምትችለው እናት ናት፤ ከሕሙማን ክፍል ውጪ እንድትቆም የተደረገች እናት ግን ምን ማየት እንዳለባት የሚያስተምራት አታገኝም።

መሣሪያውም በዚያው ጊዜ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1957 አልቡስቲክስ የተባለው የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ሲወጣ፣ የብራይት ሻማ በሰከንዶች ውስጥ ቀለም በሚለውጥ ቁራጭ ተተካ። ምርመራው ከላቦራቶሪ ወደ ነርሷ እጅ፣ ከነርሷም ወደ እናቲቱ ደብተር ተሸጋገረ። ዛሬም ሕመሙ መመለሱ የሚወሰነው በሦስት ተከታታይ ቀናት ውጤት ነው፤ ይህንንም ብዙ ጊዜ የሚመዘግበው ወላጅ ነው።

የታሪኩ ትምህርት ሩቅ አይደለም። በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ እብጠቱ ለዓይን ከመታየቱ በፊት ሚዛን ይናገራል። ላቦራቶሪ በሌለው ጤና ጣቢያም ቢሆን ሚዛኑን በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት የሚያነብ፣ ሽንቱን የሚለካ፣ የደም ግፊቱን ለሕፃን በሚመጥን ማሰሪያ የሚመረምር፣ እናቲቱንም አስተምሮ የሚያሰናብት ነርስ እስካለ ድረስ ሕፃኑ ያለ ጠባቂ አይቀርም።